«በሕግ አምላክ» ያለ አገር አለ?

ብቸና ትምህርት ቤታችን ውስጥ በሚኒ ሚዲያ የውጭ ዜና የማነበው እኔ ነኝ። ያን ሰሞን አንድ ኃያል አገር ከማንም ያልወገነች ትንሽ ጎረቤቱን ወረረ። መምህራችን ዜናውን በራሴ አማርኛ እንድጽፈው ሲያዙኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። ግን ሬዲዮ ባዳመጥኩ ቁጥር ግራ ይገባኝ ጀመር። አንዱ አገር «አሳስቦኛል»፣ ሌላው «በጥብቅ አወግዛለሁ» ይላል፤ ታንኩ ግን አይቆምም።

በዚያው ሳምንት ሞጣ አክስቴ ዘንድ ስሄድ፣ መናኸሪያው ውስጥ አንድ ግዙፍ የሚኒባስ ረዳት ቀጭኑን ባልደረባውን አንቆ ያዘው። ቅመም የሚሸጡ አንዲት ሙስሊም እናት ከተቀመጡበት ሳይነሱ «በሕግ አምላክ» አሉ። ወዲያው ለቀቀው።

ዜናዬን «በሕግ አምላክ ያለ አገር ግን አልሰማሁም» ብዬ ጨረስኩት።

መምህራችን አንብበው፣ «ብለዋል እኮ፤ ሁሉም ያሉት ይህንኑ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልለቀቃትም ቲቸር?»

ሊያርሙ ያነሱትን እስክሪብቶ መልሰው አስቀመጡት። «በይ እንዳለ አንብቢው።»

በማግስቱ ሰልፍ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። አሁን ጓደኞቼ እስክሪብቷቸውን ስቀማቸው «በሕግ አምላክ» ይሉኛል፤ እየሳቅሁ እመልሳለሁ። ያ ኃያል አገር የወረረውን ለምን እንዳልመለሰ ግን ዛሬም አልገባኝም።