«አጃኢብ» የሚሉኝ ጋሽ ከድር

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እናቴ ስትሞት፣ አባቴ ወንጂ አገዳ ቆራጭ ስለነበር አዳማ ያለችው አክስቴ ወሰደችኝ። አክስቴ ክፉ አልነበረችም፤ ከገበያ ደክማ ትገባና ወሬ ስጀምርላት «እሺ፣ እሺ» እያለች እንቅልፍ ይወስዳታል። ትምህርት ቤትም አዲስ ስለነበርኩ ሱዚ የሚዘሉት ልጆች አላስጠጉኝም። ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ቀን ነበር።

የሚሰሙኝ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ብቻ ነበሩ። በረንዳቸው ላይ ልብስ ይሰፋሉ፤ ገና ስጠጋ የአዲስ ጨርቅና የስፌት መኪና ዘይት ሽታ ይቀበለኛል። ያየሁትን ስነግራቸው መርገጫውን አቁመው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «አጃኢብ!» ይላሉ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሰው ሲገረም የሚለው ነው» አሉኝ። ለእኔ ግን «እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥዪ» ማለት ነበር።

ያንን ቃል ለመስማት ስል መዋሸት ጀመርኩ። የጋሪ ፈረስ ባጃጅ ሲቀድም አየሁ አልኩ። አንድ ቀን ደግሞ «እሁድ አባቴ መጥቶ ይወስደኛል» አልኳቸው።

«አጃኢብ! ታዲያ ምን ለብሰሽ ልትሄጂ ነው?» ብለው ሜትራቸውን አነሱ።

ቅዳሜ ሰማያዊ አበባ ያለበት ቀሚስ ሰጡኝ። እውነቱን መናገር አቃተኝ። እሁድ ለብሼው ደጃፍ ተቀመጥኩ፤ ያልተጠራው አባቴ የሚመጣ ይመስል መንገዱን ሳይ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ጋሽ ከድር መጥተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ቀረ እንዴ ልጄ?»

«መጀመሪያም እመጣለሁ አላለም። እኔ ነኝ የዋሸሁት» ብዬ አለቀስኩ።

ይቆጡኛል ስል መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። «ይሄን ሁሉ ብቻሽን ይዘሽው ነበር? አጃኢብ...» አሉ፣ በለሆሳስ። ቃሉ ለሐዘንም እንደሚሆን ያን ቀን አወቅሁ።

በሳምንቱ አክስቴን አስፈቅደው በሚኒባስ ወንጂ ወሰዱኝ። አባቴ እጁ በተቃጠለ አገዳ ጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ምን እንደሚለኝ ጨነቀው፤ አገዳ እየላጠ ሲያጎርሰኝ ዋለ። ከዚያ በኋላ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ይጠይቀኝ ጀመር።

ጋሽ ከድር ካረፉ ቆዩ፤ በረንዳቸው የስልክ መለዋወጫ መሸጫ ሆኗል። ዛሬ የማዋራው ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ዋው» ይለኛል። አልፈርድበትም፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ፀሐይ እያበራ ዝናብ ዘነበ፤ አስፋልቱ በሙሉ ወርቅ መሰለ። ቆሜ አየሁትና ስልኬን አወጣሁ። ለማን እንደምደውል ሳስብ ዝናቡ አባራ።