አራተኛው ኮፒ

ጠርጣራ ነኝ። እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የምትለው ለቀልድ ነበር፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ስንጥር ስፈልግ ገንፎው ሲቀዘቅዝብኝ ኖሬአለሁ።

ዊንጌት አካባቢ ባለች አንዲት ጁስ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ ሦስት አንባቢዎች ነን፦ እኔ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህርና አንዲት ነርስ። የምናነበው ስለ ጠፈር፣ ስለ ጠንቋይና ስለ ዘንዶ የተጻፈ ልብ ወለድ ብቻ ነው። አንዳችን መጽሐፍ ያመጣል፣ ኮፒ ቤት እናባዛዋለን፣ አንብበን ስንጨርስ ያለ ርኅራኄ እንተቸዋለን። መምህሩ በተለይ ጨካኝ ናቸው። ባለፈው አንዱን መጽሐፍ «ይኼን የሚያህል ዘንዶ በእነዚያ ክንፎች አይነሳም» ብለው ከመጀመሪያው ምዕራፍ መልሰውታል።

እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት በድብቅ የጻፍኩት ልብ ወለድ ነበረኝ፤ ማርስ ላይ ስለሰፈሩ ሰዎች። ላሳትመው ወይስ ልጣለው የሚለውን ለመወሰን እውነተኛ አስተያየት ፈለግሁ። የኔ ነው ካልኳቸው ያዝኑልኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ የሌለ ፈረንጅ ስም ፈጥሬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ራሴን «ተርጓሚ» አደረግሁና ፍላሼን ለኮፒ ቤቱ ሰውዬ ሰጥቼ ሦስት ኮፒ አሠራሁ።

አስተያየት የምንሰጥበት ቅዳሜ ደረሰ። መምህሩ ገና ከመቀመጣቸው «ድንቅ ነው!» አሉ።

«ምኑ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ሁሉም። ቋንቋው፣ ታሪኩ... በቃ ሁሉም።»

የዘንዶ ክንፍ የሚለካ ሰው «ሁሉም» ሲል ነገር አለ ማለት ነው። ወደ ነርሷ ዞርኩ። የአቮካዶ ጁሷን በማንኪያ እያማሰለች ሳቋን ታፍናለች።

«እኔን የገረመኝ» አለች፣ «ማርስ ላይ ውሃ በፈረቃ መምጣቱ። በቢጫ ጀሪካን ተሰልፈው ሲቀዱ! መብራት ሲመጣ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይጮሃል። ይሄ ፈረንጅ ቀጨኔ ነው እንዴ ያደገው?»

መምህሩ አቀረቀሩ። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

አውቀዋል! ያ ሁሉ ምስጋና ለመጽሐፉ ሳይሆን ለኔ ለምስኪኑ ነበር። በገንኩ። ሁለቱንም ኮፒ ከፊታቸው ሰብስቤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል ወጣሁ። በቃ፣ እጥለዋለሁ። ከእጄ ውጭ የቀረው በኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፋይል ነው፤ እሱንም ላስጠፋው ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ሰውዬው ገና ሲያየኝ አንድ ነገር ከባንኮኒው ሥር ወሸቀ። ከኔ ዓይን የት ሊያመልጥ! ተንጠራርቼ ሳብኩት። የኔው መጽሐፍ ነው፣ አራተኛ ኮፒ፤ ጠርዙ ተጣጥፏል፣ ዘይት ነክቶታል።

«ሌባ!» አልኩት። «ለስንት ሰው ሸጥከው?»

«ወላሂ አልሸጥኩም!» ፊቱ በላብ ተጠመቀ። «ሳባዛልህ አንድ ገጽ አየሁ፣ ከዛ... ማለቴ፣ ማቆም አቃተኝ። ለራሴ አንድ አወጣሁ። ባለቤቴም አንብባዋለች። እናትየዋ መንኮራኩሯ ላይ ትሳፈራለች ወይ እያለች በየቀኑ ትነዘንዘኛለች። ሁለተኛ ክፍል አለው አይደል?»

ፊቱ ላይ ስንጥር ፈለግሁ።

«አንድ ነገር ግን» አለ፣ «ደራሲው ሽማግሌውን ቶሎ መግደሉ ስህተት ነው። እዚያ ጋ አበላሸው። ከዚያ ወዲያ ሃያ ገጽ ያህል ሰለቸኝ። ከፈረንጁ ጋር የምትጻጻፉ ከሆነ ንገርልኝ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ እኔም የምጠረጥረው ያንን ቦታ ነበር።

ኮፒውን መለስኩለት። «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኩት። «ሁለተኛውን ገና እየተረጎምኩት ነው።»