ወደ ግራ ያጋደለው መቀመጫ

በብረታ ብረት ፋብሪካው የንድፍ ክፍል የምትሠራውን ልጅ ሁሉም «ሚሊሜትር» ይላታል። ተንጋዶ የተሰቀለ ካርታ ካየች ሳታቃና አታልፍም። ሥራዋ በኮምፒውተር ላይ ቆርቆሮ ማጎድጎድ ነው፤ አንዱን ቅርጽ አምጥታ በጠፍጣፋው ላይ ስትጫነው ቆርቆሮው ይሰረጎዳል፣ ጠርዙ ይለዝባል፤ ያ ንድፍ ወደ ታች ወርዶ በፕሬስ ማሽኑ እውነተኛ ቆርቆሮ ላይ ይታተማል።

አንድ ቀን አለቃዋ ከመጋዘን ያረጀ የስፖንጅ መቀመጫ አመጣላት። «ሠራተኞቹ ወገባቸው አለቀ። ይኼ ሰው ለምዶ የተቀመጠበት ነው፤ ቅርጹን ወስደሽ የብረት መቀመጫ ንደፊልን» አላት። በስካነር አንስታ ስርጉዱን ጠፍጣፋው ላይ ጫነችው። ግራው ከቀኙ ጠልቆ ስላገኘችው አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጠዋት ስትከፍተው ግራው ወርዷል።

«ፋይሌን ማን ነካው?»

«ያንቺን ፋይል?» አለ አጠገቧ የሚቀመጠው ነዳፊ። «እባብ ጉድጓድ እጄን ብከት ይሻለኛል።»

ሳቀችና አስተካከለችው። በማግስቱም ወርዶ ጠበቃት። የይለፍ ቃል ብታደርግበትም ያው። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሷ ቀረች። እጇን ከማውሱ አንስታ ስትመለከት፣ የስርጉዱ ግራ ጎን ቀስ እያለ ወረደ፤ ቀኙ ትንሽ ከፍ አለ፤ ከዚያ ሁለቱም ጸጥ አሉ። ደክሞት የመጣ ሰው ተመቻችቶ የተቀመጠ ይመስላል። ማውሱን ሳትነካ ተነሣች።

ፕሬስ ክፍል ወርዳ ነባሩን ሠራተኛ የማን መቀመጫ እንደሆነ ጠየቀችው።

«የአጎትሽ ነው እኮ» አላት። «ዳሌውን ከተሰበረ ወዲህ አጋድሎ ነበር የሚቀመጠው። ነፍሱን ይማረውና፣ ከእሱ በኋላ ማንም አልተቀመጠበትም።»

ያሳደጋት፣ እዚሁ ፕሬስ ክፍል ሲሠራ የኖረው አጎቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችውን አቀማመጥ ቆርቆሮ ላይ አላወቀችውም።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ አጎቷ ሚስት ሄዳ ነገረቻት። ሴትየዋ ልብስ ማጣጠፏን አላቆመችም።

«የሶፋውን ትራስ ጠዋት ጠዋት አራግፌ አስተካክለዋለሁ» አለች። «እሱ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት ይሰረጎዳል። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ለመድኩት። አንቺም አትነካኪው ልጄ። በሕይወት እያለ እንኳ ቀና በል ሲሉት አይሰማም ነበር።»

ሚሊሜትር ከዚያ ወዲያ አላስተካከለችውም። የመጀመሪያው መቀመጫ እንዳጋደለ ታትሞ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ነባሩ ሠራተኛ ሊሞክረው ተቀመጠና ወዲያው ተነሣ። ሌሊቱን ሰው ሳይቀመጥበት ያደረውን ብረት በመዳፉ ዳሰሰው።

«ይሞቃል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው አሁን የተነሣበት ያህል።»

ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሠራ። አለቃውም «ጠማማ ነው» ብሎ በሌላ ንድፍ ደልዳላ መቀመጫ አሳተመ፤ ሚሊሜትር ያጋደለውን ለምና ለአጎቷ ሚስት ወሰደችላት።

የአጎቷ ሚስት መቀመጫውን በጨርቅ ወልውላ መስኮቱ ሥር አኖረችው። «በል አረፍ በል» አለች፣ ዞር ሳትል።

ስስ ብረት ክብደት ሲያርፍበት እንደሚያደርገው፣ መቀመጫው ጠቅ አለ።

ሚሊሜትር ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ነበር። ግን አጎቷን ሰላም ሳይሉት መሄድ ነውር መሰላትና፣ ምን እንደምትል ሳታውቅ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።