ሞተር የሌለው ቶርኖ

እኔ የማሽን ሥራ የተማርኩት ማሽን በሌለበት ነው። ይኼን ስናገር ሰው የምቀልድ ይመስለዋል። ቀልዱስ ነበረው፤ ያኔ ስንስቅ ነው የከረምነው።

ትምህርት ቤት ሳለሁ የፈለግሁት የአውሮፕላን ጥገና ነበር። ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ስሄድ አውሮፕላኑ ሲያርፍ አያለሁ። ሌላው ልጅ ማን ሊወርድ ነው እያለ ሲንጠራራ፣ እኔ ደግሞ ይኼን የሚያክል ነገር ማን ይፈታዋል፣ ማንስ መልሶ ይገጥመዋል እያልኩ እደነቅ ነበር። ውጤቴ ግን ለዚያ አልደረሰም። ደሴ ያለ አንድ ኮሌጅ ቶርኖ ክፍል ደረሰኝ። ቶርኖ ብረትን እያሽከረከሩ በስለት እየላጡ ቅርጽ የሚያወጡበት ማሽን ነው። አሰልጣኛችን በመጀመሪያው ቀን፣ «አይክፋችሁ፤ ቶርኖ የማሽን ሁሉ እናት ናት። የአውሮፕላኑም ብረት ከእሷ ነው የሚወለደው» አለን። ደስ አለኝ። ከዚያ እናትየዋን ሊያሳየን ወደ ዎርክሾፑ ወሰደን። እናትየዋ የለችም።

ማሽኖቹ ቆመውበት በነበረው ቦታ ከሲሚንቶው የወጡ ብሎኖች ብቻ ቀርተዋል። በጦርነቱ ጊዜ ማን ነቅሎ እንደወሰዳቸው ሁሉም የየራሱ ወሬ አለው፤ እኔ ወሬውን ትቼዋለሁ። ይተካሉ ተብሎ ነበር። «በጀት ተይዟል» የሚለውን ቃል ኮሌጁ ከገባሁ እስክወጣ ሰምቼዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አሰልጣኛችን ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ከጣውላ ጠረጴዛ ሠራ። ከፌሮ ቁራጭ እጀታ በየደለት፤ ወዲህና ወዲያ ይዞራል፣ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ግን የለም። አረንጓዴና ቀይ ክብ በቀለም ቀባና ማብሪያና ማጥፊያው ይኸውና አለን። ከድሮዎቹ ማሽኖች የተረፈው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ቻኩ። ቻክ የሚባለው ብረቱን በሦስት ጥርስ ነክሶ የሚይዘው መንጋጋ ነው፤ በቁልፍ ይጠብቃል፣ በቁልፍ ይላላል። እሱን ከነቁልፉ ጣውላው ላይ አሠረልን። ከዚያ አንዳችን ቀርበን ብረቱን እናስነክሳለን፣ በቁልፉ እናጠብቃለን፣ የተቀባውን አረንጓዴ እንጫናለን። ያን ጊዜ አሰልጣኛችን በአፉ «እርርርር» ማለት ይጀምራል። ሞተሩ እሱ ነው። ቀዩን ስንጫን ዝም ይላል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ቀዩን ሳይጫን ሄዶ ተቀመጠ፤ ሰውየው እስኪያስለው ድረስ እርርር ሲል ቆየ። በሳቅ ሞትን፤ እሱም ሳቀ። በአላህ እምላለሁ፣ ያንን ሰው እወደው ነበር።

ቁልፉ አንድ ጊዜ ጠፋ። ቦርሳችን ሁሉ ተፈተሸ፣ በመጨረሻ ከጣውላው ሥር ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ፤ ቁልፉ ከቦታው እንዳይነሣ። ቦታው ቻኩ ላይ ነው። አጥብቀህ ስትጨርስ እዚያው ሰክተኸው ትተዋለህ፣ የሚቀጥለው ልጅ እዚያው ያገኘዋል። በእውነተኛ ማሽን ላይ ቁልፉ ሳይነቀል ሞተር እንደማይነሣ አሰልጣኛችን ሰሌዳ ላይ ጽፎልናል፤ እኛም ገልብጠናል፤ ለፈተናም አጥንተነዋል። እጅ ግን ሰሌዳ አያነብም። እጅ የሚያውቀው የለመደውን ነው።

ከዚያ የትብብር ሥልጠና ተባለና ኮምቦልቻ አንድ የክር ፋብሪካ ተመደብኩ። የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድን አውቶቡስ ውስጥ ልቤ ይዘል ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሽከረከር ቶርኖ ልመለከት ነው። አየሁትም። የፋብሪካው ጥገና ክፍል ውስጥ አንድ ያረጀ ቶርኖ አለ፤ የሚሠራበትም አንድ ያረጀ ሰውዬ። ሽማግሌው ፊታቸው የማይፈታ፣ ቃል የሚቆጥቡ ናቸው። መሬቱ ላይ በተሰመረው ቢጫ መስመር እየጠቆሙ፣ «ልጀ፣ ከዝች ወዲያ ቁሚ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር?»

«ብትሰብሪያትስ? መለዋወጫዋ በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ የለም። ወላሂ፣ የገዛ ልጀንም አላስነካት።»

እሳቸው ላይ መፍረድ አልችልም። ያቺ ማሽን ከቆመች ፋብሪካው ግማሹ ይቆማል። እኔ ግን የሥልጠና ጊዜዬን የተላጠ ብረት ስጠርግ፣ ሻይ ሳመላልስ፣ ከመስመሩ ወዲያ ቆሜ አንገቴን ሳሰግግ ጨረስኩት። አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር። ሽማግሌው ብረቱን አጥብቀው እንደጨረሱ ቁልፉን ነቅለው ቱታቸው ኪስ ውስጥ ይከቱታል። ሁልጊዜ። ለሶላት ሲወጡም ይዘውት ይወጣሉ። ንፉግ! እንዳልነካባቸው ነው የደበቁት አልኩ። ኮሌጃችን ውስጥ ቁልፉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንደሚቀመጥ አስቤ በእኛ ኮራሁ።

ሥልጠናውን ጨርሼ ልወጣ ስል የጥገናው ኃላፊ ጠራኝ። ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ ነው። «የብቃት ምዘናውን አልፈሽ ማስረጃሽን ይዘሽ ከመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ጠንካራ ልጅ ነሽ» አለኝ። ያን ቀን ኩታበር ላሉት አባቴ ደወልኩ። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ከሥራዬ የሚገባቸው አንድ ነገር ብረት መሆኑ ነው። «አባ፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሊሰጡኝ ነው» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ስልኩን ሳይዘጉት ለጎረቤት ሲጮሁ ሰማሁ፤ ልጄ የማሽን ባለቤት ሆነች እያሉ። እንዳይናገሩ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ደስታቸውን መስማት ጣፈጠኝ።

ምዘናው ኮምቦልቻ ውስጥ ማሽን ባለው ሌላ ተቋም ነበር። አሰልጣኛችን አብሮን ወረደ፤ ለምሳ ዳቦና ሙዝ ገዝቶ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። «አብሽሩ፣ ያው የምታውቁት ነው» አለን። በዕለቱ የመጀመሪያዋ ተመዛኝ እኔ ሆንኩ።

ማሽኑ ፊት ስቆም አልፈራሁም። ይኼን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ሥዕሉን አነበብኩ፣ ስለቱን አሠርኩ፣ ብረቱን ቻኩ ውስጥ አስነከስኩ፣ መሃሉን አስተካከልኩ፣ በቁልፉ አጠበቅኩ። መዛኙ በይሁንታ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። ከዚያ አረንጓዴውን ተጫንኩ።

ድምፁን ሰማሁ እንጂ ቻኩ ላይ ሰክቼ የተውኩት ቁልፍ ሲወረወር አላየሁትም። በመዛኙ ጆሮ አጠገብ አልፎ የቆርቆሮውን ግድግዳ ሰንጥቆት ወጣ። ማሽኑ ይጮሃል፤ እኔ ቀዩን ማጥፊያ ጣውላችን ላይ በተቀባበት በኩል እፈልጋለሁ፤ እዚህ ግን በሌላ በኩል ነው። መዛኙ ራሱ ዘሎ አጠፋው። ፊቱ አመድ መስሏል። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ውጪ፣ እህቴ» አለኝ፤ «አላህ ነው ያተረፈን።»

በቆርቆሮው ስንጥቅ አጮልቄ የሚቀጥለውን ልጅ አየሁት፤ ጎበዝ ልጅ ነው። አጠበቀ፣ ቁልፉን ሰክቶ ተወው፣ እጁን ወደ አረንጓዴው ላከ። መዛኙ እጁን ያዘው። ሦስተኛዋም እንደዚያው። ያን ጊዜ መዛኙ ማሽኑን ከምንጩ አጠፋና፣ «እናንተን ማን ነው ያስተማራችሁ?» አለ። ተራ ያልደረሳቸው ሳይቀሩ የክፍሉ ልጆች በሙሉ እንደገና ሠልጥናችሁ ኑ ተብለው ተመለሱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። የእኛን የበላው ግን የትኛው አይጥ እንደሆነ አላውቅም።

ዛፉ ሥር ስንደርስ አሰልጣኛችን ዳቦውን እየቆረሰ ነበር። ነገርነው። ቢላውን አስቀመጠ። «ሰሌዳ ላይ ጽፌላችሁ ነበር እኮ» አለ። ዳቦውንም የበላው ሰው የለም። ያንን ክረምት ማስተማሩን ተወ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል ይባላል።

በማን ልናደድ? በሱ እንዳልል፣ ሞተር የሆነልን በገዛ ጉሮሮው ነው። በመዛኙ እንዳልል፣ ልገድለው ነበር። ብዙ ማታ የምናደድበት ሰው ስፈልግ አድሬ አጥቻለሁ። የሚናደዱበት ማጣት ከመውደቁ ይከፋል።

እንደገና መመዘን ይቻላል። ግን የት ልለማመድ? ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ጡረታቸው ቀርቦ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ አፈር ስሆን፣ ከሥራ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ያለማምዱኝ ብዬ ለመንኩ።

«ማስረጃ አለሽ?»

«ጋሼ፣ ማስረጃው እኮ ማሽን ካልነካሁ አይመጣም።»

«ማሽኑን ደግሞ ያለ ማስረጃ ማስነካት ክልክል ነው። እኔ ምን ላርግ ልጀ?» ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉና፣ «ቁልፉን ኪሴ ስከተው ታዪ የለ? ለምን መስሎሽ ነበር?» አሉኝ።

«እንዳልነካብዎ።»

«ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር» አሉ። ከወር በኋላ ጡረታ ወጡ። በቦታቸው የተቀጠረ ሰው የለም፤ ብረት ሲሰበር ፋብሪካው ውጭ እየላከ ያሠራል።

እኔን ፋብሪካው ቀጥሮኛል፤ ክር ቀጣይ ነኝ። ክር ሲበጠስ እየሮጥኩ እቀጥላለሁ፤ ማታ ፀጉሬን ሳራግፍ ጥጥ ይረግፋል። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። ፋብሪካ ነኝ እላለሁ፤ እሳቸውም ማሽኑ ደህና ነው ወይ ይሉኛል፤ ደህና ነው እላለሁ።

አንድ ቀን ዘበኛው አባትሽ መጥተዋል ብሎ አስጠራኝ። በር ላይ ስደርስ አባቴ በጆንያ የጠቀለሉትን ነገር በትከሻቸው ይዘዋል። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ ፈቱት። የአገሩ ወፍጮ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ተበልቷል።

«ወፍጮው ቆመ። ሴቱ ሁሉ እህሉን ተሸክሞ ሌላ ቀበሌ ድረስ ይሄዳል። ደሴ ወስደን እናሠራው ሲሉ እንቢ አልኳቸው። ልጀ እያለች ለባዳ?»

«አባ፣ እኔ እኮ እዚህ ክር ነው የምቀጥለው።»

«እሽ፣ መርሐባ። እሱን ስትጨርሽ ነዋ። እጠብቃለሁ።» ጆንያቸውን አነጠፉና አጥሩ ጥግ ተቀመጡ።

ተመልሼ ገባሁ። ክር ይበጠሳል፣ እኔ አላይም። ስወጣ እዚያው አገኘኋቸው፤ ሶላታቸውን ሰግደው፣ ዘንጉን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምንም አላስቀረሁም። አባቴ እስከ መጨረሻው አደመጡና፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ደሴ ምን ሲያስተምሩሽ ነበር?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የምር ሊያውቁ ፈልገው ነው። አለቀስኩ።

ከተማ ውስጥ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድኳቸው። ባለሙያው የዘንጉን የተበላ ጫፍ በብየዳ ሞልቶ፣ ልጦ፣ ለክቶ አስረከበን። አባቴ ከማሽኑ ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰውዬው እጅ ያያሉ። ከፈልኩ። መናኸሪያ ስንደርስ ዘንጉን ልያዝልዎ ብላቸው እንቢ አሉ። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ለሰዉ አንቺ ሠራሽው ነው የምለው» አሉኝ። አባቴ በሕይወታቸው ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ብለው ሊጀምሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያገሬ የተሰበረ ብረት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። በመኪና ይላክልኛል፤ የውኃ ፓምፕ ዘንግ፣ የጋሪ አክሰል፣ የማላውቀው ዕቃ ጭምር። እኔም ከክሩ በማገኛት ቶርኖ ቤት እያሠራሁ እመልሳለሁ። ጎበዝ ናት ይላሉ አሉ፤ ሥራዋ አይበላሽም።

ሰሞኑን ደግሞ አባቴ ደወሉ። የጎረቤታችን ልጅ ትምህርቷን ጨርሳለች፤ ቤተሰቦቿ ሊድሯት ሲሉ አሻፈረኝ ብላ እንደ እኔ ባለሙያ መሆን ፈልጋለች። ልጅቷ አጠገባቸው ነበረች፤ ስትስቅ ይሰማኛል። «ያንቺው ኮሌጅ ይሻላታል አይደል? የት ትመዝገብ?» አሉኝ አባቴ። ድምፃቸው ውስጥ ልመና ነበረበት፤ ምን እንደሚለምኑኝም ገብቶኛል። እዚያ ማሽን የለም ብዬ አንድ ቃል ብናገር አባቴ ባገራቸው ፊት ውሸታም ይሆናሉ።

ምዝገባው መስከረም ላይ ነው አልኳቸው።