የልብስ አጣቢው «የለም»

ሰፈሩ «ነጩ» ነው የሚለው። ላውንደሪ ቤት ከፍቶ ሌላው ያቆሸሸውን ሲያነጣ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ሥራውን ያውቃል፤ አፉን ግን አይዝም። ሸሚዝ ይቀበልና ብርሃን ላይ ዘርግቶ «ይሄ ዘይት ነው፤ ይሄ ደግሞ ሊፕስቲክ። የሚስትህ ቀለም ግን አይመስለኝም» እያለ ባለቤቱን በሰው ፊት ላብ በላብ ያደርገዋል።

ኩላሊቱ ሲደክም እሱም በተራው ታጣቢ ሆነ። ሆስፒታል ሄዶ ከማሽን ጋር ይያያዛል፤ ደሙ በቱቦ ወጥቶ፣ በማጣሪያ አልፎ፣ ጸድቶ ይመለሳል። ደም ከሰውነት ሲወጣ ደግሞ መርጋት ልማዱ ነው። ከረጋ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ውስጡ የቀረው ደምም ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ እንዳይረጋ ሄፓሪን የሚባል መድኃኒት ይሰጡታል። መድኃኒቱ ግን ማሽኑን ከሰውየው አይለይም፤ ሌላ ቦታ የሚደማ ነገር ካለ እሱንም ያባብሰዋል። ነርሷ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ የምትጠይቀውም ለዚሁ ነው።

«አባዬ፣ የሚደማ ነገር አለ? ድድ? አፍንጫ? ሽንት ቤት ሲቀመጡስ?»

«የለም ልጄ።»

ውሸቱን ነው። ኪንታሮት አለበት፤ ይደማል። ግን ለማን ይናገር? ነርሷ የጎረቤቱ ልጅ ናት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ሲተኩስላት የኖረው እሱ ነው። አሁን ስለ መቀመጫው ሊያወራት? ሞት ይሻለኛል ብሎ ተወው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእሱ ብሶ፣ መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን ይቀልብለት ጀመር።

ቤቱ ውስጥ መሐረብ አጥቦ የማያውቅ ሰው የውስጥ ሱሪውን ተደብቆ ማጠብ ያዘ። ሚስቱ «በስተርጅና ሴት ያዝክ እንዴ?» አለችው። መጠርጠሩን ከእውነቱ አስበልጦ ዝም አላት። እንግዲህ የሰው ሞኝ እንዲህ ነው።

የደሙ መጠን እየወረደ ሄደ። ፊቱ ገረጣ፤ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። የምርመራው ውጤት የመጣ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ነርሷን እዚያው አጠገቡ አቆመቻት።

«የኚህን ሰውዬ ደም የት ነው የምታደርጊው? ማጣሪያው ውስጥ እየረጋብሽ ነው አይደል?»

«ኧረ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚወጣው ሲስተር። ሁሌ አየዋለሁ።»

«ታዲያ ደሙ በነነ? ሐኪሙም የሚረጋ መስሎት ሄፓሪኑ ይጨመርላቸው ብሏል። ዳግም ከወረደ ግን ከዚህ ክፍል ትወጫለሽ።»

ነጩ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መሰለ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ልጅቷ ነፃ ትወጣ ነበር። እሱ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ኃላፊዋ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ነርሷ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ መድኃኒቱን በመርፌ ቀድታ መጣች። መጠኑ የተጨመረው ነው። ያንኑ የሁልጊዜ ጥያቄዋን ጠየቀችው።

«የለም» አላት።

«እርስዎ የለም ካሉ የለም ነው» አለች። ካየችው ንጹሕ ማጣሪያ ይልቅ የእሱን ቃል አምና መርፌውን ወደ ቱቦው አስጠጋች።

ይሄኛውን አልቻለውም።

«ቆይ! ቆይ ልጄ... ይደማል። ከኋላዬ ነው። ኪንታሮት። ወራት ሆኖታል።» ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ ኃላፊዋ ዞረች፣ በየአልጋው ያለው ሁሉ ዞረ። አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ነጩ እንደ ዛሬ ተዋርዶ አያውቅም።

ልጅቷ መርፌውን አስቀመጠች። ሐኪሙ ተጠርቶ ሰማና በዚያን ቀን ያለ ሄፓሪን እንዲታጠብ አዘዘ። ያለ መድኃኒት ሲሆን ማሽኑን ጥሎ መሄድ የለም፤ ደሙ እንዳይረጋ ቶሎ ቶሎ ጨው ባለው ውኃ ቱቦውንና ማጣሪያውን ማለቅለቅ ያስፈልጋል። የሥራ ሰዓቷ አለቀ፤ እሷ ግን አልሄደችም። ቆማ ታለቀልቃለች፣ ማጣሪያው ደም ረግቶበት ጠቁሮ እንደሆነ ታያለች፣ ደግሞ ታለቀልቃለች።

«ልጄ፣ በኔ ምክንያት ተሰደብሽ። ይቅር በይኝ» አላት ቀስ ብሎ።

«ስድቡን ተዉት አባዬ» አለች ዓይኗን ከማጣሪያው ሳታነሳ። «ቅድም ልሰጥዎ ነበር እኮ። በገዛ እጄ ልገድልዎ ነበር።»

ይሄን አላሰበውም ነበር። እስካሁን ያፈረው ሁሉ ለራሱ ነበር። ፊቱን ሊሸፍን ፈለገ፤ አንድ እጁ ከማሽኑ ጋር ተያይዟል። በሌላው እጁ የቻለውን ያህል ሸፈነ።