የኢንጂነር ይልማ ምሳ ዕቃ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ አልጋ ቤት የሆነ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንጻ። በረዳት ቴክኒሽያንነት ተቀጥሬ፣ አዲስ ቱታ ለብሼ፣ አዲስ አበባ የተማርኩትን ኤሌክትሪክ በሙሉ በጭንቅላቴ ይዤ ደረስኩ። የአሳንሰር ጥገና ኃላፊው ኢንጂነር ይልማ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጠየቁኝ።

"ምሳ ይዘሻል?"

"አልያዝኩም፤ ከዚሁ እገዛለሁ።"

"እንግዲያው ዛሬ ፓነል አትነኪም።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰውየው ጤነኛ አልመሰሉኝም። ያን ቀን ሙሉ ባትሪ እያበራሁላቸው ቆሜ ዋልኩ።

ምክንያቱን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። አሳንሰር በሩ ካልተዘጋ አይንቀሳቀስም። ስንጠግን ግን በሩ ክፍት ሆኖ ማንቀሳቀስ ስለሚያስፈልገን ሞተር ክፍል ባለው የመቆጣጠሪያ ፓነል ውስጥ አጭር ቀይ ሽቦ እንሰካለን። ሽቦዋ በሩ ሳይዘጋ "ተዘግቷል" እያለች ፓነሉን ታታልላለች። ኢንጂነር ይልማ "ውሸታሟ" ነበር የሚሏት። ውሸታሟን ሳይነቅል ወደ ቤቱ የሄደ ቴክኒሽያን፣ ሰው አንድ እግሩን ብቻ እንዳስገባ የሚነሳ አሳንሰር ትቶ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ሕግ ነበራቸው። ውሸታሟን ስትሰኪ ምሳ ዕቃሽን ፓነሉ በር ላይ ትሰቅያለሽ። "ሰው ሽቦ ይረሳል፤ ሆዱን የሚረሳ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም" ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምሳዬን የሚያስሩልኝ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ሆኑ። "ያቺ ልጅ ከስታለች" ብለው ሁለት ምሳ ዕቃ መላክ ጀመሩ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ኢንጂነሩ የያዙትን መፍቻ ያስቀምጡና ስልክ ያነሳሉ። "አስቱ፣ በላሽ?" አለቃ ቢጠራ፣ ደንበኛ ቢቆጣ፣ ይህቺ ስልክ አትቀርም።

ሌላው ጣጣቸው ፊርማ ነበር። ጥገናው ሲያልቅ የደኅንነት ወረቀቱን የሚፈርሙት እትዬ አስቴርና ሦስቱ ሴቶች ልጆቻቸው በማታቱ ታክሲ ተጭነው መጥተው፣ በአሳንሰሩ ወጥተው ከወረዱ በኋላ ነው። የኢስትሊው ሕንጻ ባለቤት ያገራችን ነጋዴ ነው፤ ሰልፍ ሆነው ሲገቡ አይቶ አላስቻለውም።

"ኢንጂነር፣ እኔ የለመንኩት ፊርማ ነው። ሽርሽር መች አልኩ?"

"የኔን ልጆች የማላሳፍርበትን አሳንሰር የሰው ልጅ አላሳፍርበትም" አሉት፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት።

የመጨረሻዋ ልጅ ሜሮን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ "ዳዲ፣ ይሄ ያንኮራፋል" አለች። ነጋዴው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኢንጂነሩ አልሳቁም፤ ሞተር ክፍል ወጥተው ከፈቱት። ኩሽኔታው ተበልቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጋዴው "ትንሿ ኢንጂነር አይታዋለች?" ሳይል ወረቀት አይቀበልም ነበር።

ዓመታት ሄዱ። እኔ ቴክኒሽያን፣ ከዚያም ፎርማን ሆንኩ፤ ቤተልሔም የምትባል ልጅም ወለድኩ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ፓርክላንድስ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ደረጃ እምቢ አለ። እንደ ክፉ አጋጣሚ የሕንጻው አሳንሰር የሜሮን ሰርግ ሲደርስ ቆመ። አማቾቻቸው በወንበር ተሸክመው ሊያወርዷቸው ቢጠይቁ ቤቱ ታመሰ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳወጣና ሳወርድ ኖሬ እኔን በወንበር? ገና ሬሳ አልሆንኩም!"

ሐሙስ ደወሉልኝ። "ሰናይት፣ ልጄን ሳልድር ልቀር ነው" አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። እኚያን ሰው እንዲያ ሆነው ሰምቻቸው አላውቅም። የዌስትላንድስ ሥራዬን ለሌላ ሰጥቼ ዓርብ ጠዋት ከች አልኩ። ሰርጉ ቅዳሜ ነው።

ወሩ ደግሞ ሁዳዴ። "በሁዳዴ ሰርግ ይጠራል? እናንተ ጴንጤዎች!" አልኳቸው።

"አንቺ ጹሚ፤ ኬኩ ይተርፈናል።"

ብልሽቱ የሦስተኛ ፎቅ በር መቆለፊያ ነበር። ውሸታሟን ሰካሁ፣ መቆለፊያውን ቀየርኩ፣ ብሬኩን አስተካከልኩ፣ ገመዶቹን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሳንሰሩ አምስተኛ ፎቅ መጥቶ በሩን ከፈተ። ኢንጂነሩ በከዘራ፣ እትዬ አስቴር ከጎናቸው፣ ሜሮን ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልላ ቆመዋል።

"ዳድ፣ ቱዌንዴ ባሲ!" አለች ሜሮን በስዋሂሊ፤ እንሂድ በቃ ማለቷ ነው። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

"ልጅሽ የታለች?" አሉኝ።

"ትምህርት ቤት ናት፣ ጋሼ። ይግቡ እንጂ፤ እኔ አለሁ አይደል?"

"አንቺማ ድሮም ለራስሽ አትሳሺም። ቤቲን ታስገቢያታለሽ?"

"እንዴታ!" አልኩ። አፌ እንዲያ ይበል እንጂ፣ ልቤ ቤቲን ከነቦርሳዋ አሳንሰሩ ውስጥ አቆማት። መቆለፊያው ደህና ነው። ብሬኩ ደህና ነው። ገመዱ ደህና ነው። ፓነሉ... የፓነሉ በር ላይ የተሰቀለ ነገር የለም። ጾም ነዋ! በሌላው ሁዳዴ የረዳቶቼ ምሳ ዕቃ ይሰቀል ነበር፤ ዛሬ ግን ብቻዬን ነኝ። ምሳ አልያዝኩም፤ ያልያዝኩትን ምን ብዬ ልስቀል?

"ማንም እንዳይገባ!" ብዬ ጮኼ በደረጃው ወደ ሞተር ክፍል ሮጥኩ። ውሸታሟ እዚያው ተሰክታ ትጠብቀኛለች። ነቅዬ በእጄ እንደያዝኳት መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስንት ዓመት የሠራሁ ፎርማን!

ወርጄ ሽቦዋን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ ሽቦዋን ትክ ብለው አዩና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ለካ የኔ ሕግ ለጿሚ አይሠራም! ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አላሰብኩትም?" ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ቤቲን እንጠብቃለን" አሉ።

ጠበቅን። ቤቲ ከትምህርት ቤት መጣች፤ እኔው ራሴ እጇን ይዤ አስገባኋት። እትዬ አስቴር ቀጠሉ፣ ሜሮን ቀጠለች፣ በመጨረሻ እሳቸው። እየወረድን ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። "አያንኮራፋም" አሉ። በማግስቱ ሜሮንን ክንዷን ይዘው፣ በእግራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን አስገቧት። እኔ ኬክ ሳልበላ ጨፈርኩ።

ባለፈው ዓመት አልጋቸው ላይ፣ ቤተሰባቸው ከቧቸው አረፉ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ አምስተኛ ፎቅ የወጣው በዚያው አሳንሰር ነው። አንድም ሰው ስለ አሳንሰሩ አላነሳም፤ ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

አሁን በሥሬ ላሉት ሕጉን ትንሽ ቀይሬዋለሁ። ውሸታሟን ስትሰኩ ፓነሉ በር ላይ የቤታችሁን ቁልፍ ስቀሉ። ምሳ ሊቀር ይችላል፤ ቤት ግን በጾምም በፍስክም ይገባል።