ወንድሜና የሰበታው ነብር

ወንድሜ በሕይወት የዋለባት የመጨረሻዋ ቅዳሜ እንደ ሌላው ቅዳሜ ነበረች። ሰበታ፣ ደጃችን ላይ ቁጭ ብሎ የነብር ዓይነ ምድር በወንፊት ያጥባል። ሥራው ነው። ጫካውን የሚያጠኑ አንድ ፈረንጅ ቀጥረውታል። ነብሩ ምን እንደበላ በውስጡ ከቀረው ፀጉር ይታወቃል።

የሰፈሩ ሰው ግን ነብሩን በመርዝ ሊገድለው ተነሥቷል፤ ፍየል ፈጀብን ብሎ።

አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ ቆሙ። «ኦቦ ቄራንሳ!» አሉት፤ በኦሮምኛ አቶ ነብር ማለት ነው። «ዛሬስ የጌታህ አር ምን አለህ?»

«ዝንጀሮ በላሁ፣ ፍየል አልነካሁም ይላል፣ አባባ። በቆሎዎን የሚጨርሰውን ዝንጀሮ! እሱን ገድለው ዝንጀሮውን ማን ሊያባርርልዎት ነው?»

ሽማግሌው ሳቁ። አባቴም ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ይህንኑ ነገር ከደብተሬ ሳነብለት አባቴ «እሺ፣ እሺ» ብሎኝ ወጥቶ ነበር። ወንድሜ ሲናገረው ግን አባቴ በርጩማውን ያስጠጋል።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ወደ ጫካው ሄደ። ዝናብ ጣለ። ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ወሰደው።

እሑድ ቀበርነው። ለቅሶው ላይም ቀናሁበት። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን ቀናሁ። ሽማግሌው ተነሥተው «ለሱ ስንል ነብሩን አንነካም» አሉ፤ ሰዉም ተስማማ። በሕይወቱ ሲስቁበት የከረሙትን ሞቶ አሳመናቸው። እኔ ብሞት የትኛውን እንስሳ ይምሩልኝ ነበር?

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ዘፍዝፎት የሄደውን ዓይነ ምድር አጠብኩት። አጭር ነጭ ፀጉር ወጣ። የፍየል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ያላወቀውን እኔ አወቅሁ። ይዤው ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ፍየልም በልቷል። ይዩት።»

«ወንድምህ አይበላም ብሏል።»

«እሱ ይህን አላየም እኮ!»

«እንግዲያው ይብላ! ለሱ ብለናል፣ አለቀ። አንተ ደግሞ በሐዘን ቀን ምን ያዞርሃል? ግባ፣ እህል ቅመስ።»

አልገባሁም። ፀጉሩ እጄ ላይ ነው። እኔን የሚሰማ የለም፤ እሱን ከመቃብር ይሰሙታል። ነብሩ ደግሞ ነገም ይመጣል።

ፍየል ወደተበላባት ጎረቤታችን ሄጄ ነብሩ እንዳይገባ በበረቷ አጥር ላይ እሾህ ስደራርብ አረፈድኩ።